«አንድ ቀን ይጠቅማል»፦ ስለ ጓሮ ወርክሾፕ ጽዳት አጭር ሐተታ

የቀደሙት ሊቃውንት ስለ ሰማያት ርቀትና ስለ ቀላያት ጥልቀት፣ ስለ መላእክት ነገድና ስለ ከዋክብት ዑደት እየመረመሩ ብዙ የብራና መጻሕፍት ትተውልን ሳለ፣ ከማድ ቤት ጀርባ አጥሩን ተጠግታ ስለቆመችው፣ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ ስለሆነው፣ አባወራው «ወርክሾፕ»፣ እመቤቲቱ ግን «ያ ጉድ» ብላ ስለምትጠራት ጠባብ ክፍል አንድ ቅጠል እንኳ ሳይጽፉ ማለፋቸው ዘወትር የሚያስደንቅ ነገር ነው። ይልቁንም ይህች ክፍል በዓመት አንድ ጊዜ በምትጸዳበት ወቅት የሚደርሰው መከራ እስከ ዛሬ ከቡና ወሬ አልፎ ወደ ምርምር አልገባም።

በክፍሊቱ ውስጥ የሚኖሩትን ፍጥረታት በየወገናቸው መዘርዘር የዚህን ጽሑፍ መጠን ያልፋል። ለአብነት ያህል ግን በመስኮቱ ሥር የተቀመጠችውን የኒዶ ጣሳ ብንገለብጥ፣ ከአሮጌ አጥር በጉጠት ተነቅለው፣ በድንጋይ ላይ በመዶሻ ተቃንተው፣ እንደገና ሲመቱ ወደ ቀድሞ ጠማማነታቸው የሚመለሱ ምስማሮች፣ ብሎኑ የጠፋበት ዳዶ፣ ዳዶው የጠፋበት ብሎን (የሁለቱ ጥርስ እንደማይገናኝ በየዓመቱ ይረጋገጣል)፣ ከተሸጠች ብዙ ጊዜ ከሆናት መኪና የቀረች አንዲት ካንዴላ፣ እንዲሁም ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸርና የዚያ ጓጉንቸር ያልሆኑ አራት ቁልፎች ይወጣሉ። ከጣሳዋ በላይ ካቻቢቴዎች ተሰቅለዋል፤ ቁጥራቸው ብዙ ሲሆን፣ የሚፈለገው ግን ሁልጊዜ የሌለው ኮከቡ ነው።

ይህ ሁሉ የተከማቸው በስንፍና የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል፤ የተከማቸው በትምህርት ነው። የአባወራው ቃል አጭር ነው፦ «ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይጠቅማል»። «ይቀመጥ» ማለቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፣ የገዛበትን ዋጋ ስላልረሳ ነው። አንድም፣ የገዙት አባቱ ስለሆኑና የሙት ዕቃ መጣል ነውር ስለሆነበት ነው። አንድም፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ስላላወቀ ነው፤ ያላወቁትን መጣል ከትሕትና መራቅ ነውና። «አንድ ቀን» ብሎ ቀኑን ሳይለይ መተዉስ ስለ ምን ነው ቢሉ፣ ቀኑ ደርሶ ሐሰተኛ እንዳይባል ነው። አንድም፣ ቀኑ በደረሰ ጊዜ ዕቃው እንደማይገኝ አስቀድሞ ስላወቀ ነው።

የጽዳቱ ዘመን ጳጉሜን ነው። እመቤቲቱ ሳሎኑን አጥባ፣ መጋረጃውን አውርዳ ከጨረሰች በኋላ ዓይኗን ወደ ጓሮ ታነሣና «ዘንድሮስ ያን ጉድ ይዘህ ወደ አዲስ ዓመት አትሻገራትም!» ትላለች፤ አባወራውም ከዐዋጅ በታች ነውና አሮጌ ሱሪውን ለብሶ ይወርዳል። የሥራው መጀመሪያ መቀመጥ ነው። ሳጥን ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ጥቅል ሲፈታ፣ ዕቃው የተጠቀለለበት አሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይዘረጋለታል፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተፈጸመውን የእግር ኳስ ግጥሚያ ውጤቱን እያወቀ በጭንቀት ያነባል፤ የገጹ ግማሽ ተቀዶ ስለሚገኝም ቀሪውን ፍለጋ ሌሎቹን ጥቅሎች ሁሉ ይፈታል። እስከ ምሳ ድረስ የሚሆነው ይህ ነው። ከውጭ ለሚያየው ግን ክፍሉ በፍጥነት እየተተረማመሰ ስለሆነ ሥራው የተፋፋመ ይመስላል።

ከምሳ በኋላ ተራው የሲሚንቶው ነው። ፖርትላንድ የተባለውን ሲሚንቶ ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል እንግሊዛዊ ግንበኛ በ1824 እ.ኤ.አ. በስሙ ካስመዘገበው ወዲህ ይህ ዱቄት ዓለምን ሲያቀና ኖሯል፤ የሚጠነክረውም ደርቆ ሳይሆን ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ስለሆነ፣ አጥር ሲጠገን ከ50 ኪሎው ከረጢት የተረፈው እኩሌታ አንድ ክረምት በቆርቆሮ ቤት ሲያድር የአየሩ እርጥበት ብቻ ይበቃውና የከረጢቱን እጥፋትና ስፌት ሳይቀር ቀርጾ የያዘ ሐውልት ይሆናል። አባወራው ብቻውን ሊያነሣው አልቻለም። ሊሰብረው ከጎረቤት ትልቅ መዶሻ ተዋሰ። በሦስተኛው ምት የተሰነጠቀው ግን ሲሚንቶው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሊሾ ነበረ። ሊሾውን ለመድፈን ደግሞ ሲሚንቶ ያስፈልጋል፤ እርሱም በቤቱ አለ፣ ነገር ግን የሚያገለግል አይደለም።

የዘይት ቀለም ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት ከላይ ያለው ቀለም አየር ስላገኘው ቆዳ አብጅቶ የደረቀ ይመስላል፤ ሥሩ ግን እንደ ጥንቱ ፈሳሽ ነው። አባወራው «ይህስ ደርቋል» ብሎ በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው፣ ጣቱ እስከ አንጓው ሰጠመ፤ ሲደነግጥም ቆርቆሮው ተደፋና የበሩ አረንጓዴ ቀለም የሊሾውን ስንጥቅ ተከትሎ ወደ ግቢ ወጣ። ለበዓሉ ተገዝታ በጓሮ የታሰረችው ዶሮ በግርግሩ ገመዷን ፈትታ በቀለሙ ውስጥ አልፋ፣ ትናንት በታጠበው ሳሎን አቋርጣ፣ ሶፋው ላይ ወጣች። ፈለጓ ግልጽ ስለነበረ ስለ መንገዷ ክርክር አልተነሣም። አኳራጅ የተገኘው በማግሥቱ ነው።

ስለ ሱፐር ግሉ ብዙ አንልም። በ1942 እ.ኤ.አ. ለጠመንጃ መነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ የነበሩ የአሜሪካ ኬሚስቶች ነገሩን አግኝተውት፣ የነካውን ሁሉ የሚይዝ ቢሆንባቸው ትተውት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ መልሰው አንሥተው በ1958 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጡት። «አንድ ቀን ይጠቅማል» ለሚለው ትምህርት እስከ ዛሬ የተገኘው አስተማማኝ ምስክር ይህ ብቻ ነው፤ አባወራውም አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተጣብቀው ሳለ ታሪኩን ለልጆቹ በሰፊው ተርኳል። አሮጌውን የመኪና ባትሪ ደግሞ በሆዱ ታቅፎ አወጣ። በዚያን ሰዓት ምንም አልሆነም። የባትሪ አሲድ ግን የጥጥ ልብስን ቀስ ብሎ የሚበላ ስለሆነ፣ ሱሪው በሚቀጥለው ቀን ታጥቦ ሲሰጣ ከጉልበቱ በላይ ወንፊት ሆኖ ተገኘ፤ ፍርዱም በሳሙናው ላይ ተፈረደ።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥፋት ግን የሥርዓት ነው። ክፍሉን ለመጥረግ ዕቃው በሙሉ ወደ ግቢ መውጣት አለበት፤ ዕቃው በሙሉ ወጥቶ ያለቀውም ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ሰማዩ ሲጠቁር ነው። የዚያን ዕለት ዝናም ጠበል ነውና ልጆች እልል እያሉ ራቁታቸውን ወጥተው ይታጠቡበታል፤ መጋዝ፣ ሞርሳና ትራፓኖ ግን ለዚህ በረከት አልተፈጠሩም። ስለዚህ ሰው ሁሉ፣ ለእንግድነት የመጡት አክስት ሳይቀሩ፣ በእጁ የገባለትን እያነሣ በተገኘው ስፍራ ወረወረ። ዝናሙ ሲያባራ ዕቃው በሙሉ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ነበር፤ ብቻ ቀድሞ መደርደሪያ ላይ የነበረው መሬት ላይ፣ መሬት ላይ የነበረው በሩ ላይ ሆኗል። መጥረጊያውም ከሥር ቀርቷል።

በአራተኛው ቀን ቆራሌው በደጅ ሲጮህ እመቤቲቱ ራሷ በሩን ከፈተችለት። አባወራው እያንዳንዱን ዕቃ እያነሣ ታሪኩን መናገር ጀመረ፤ ቆራሌው በትዕግሥት ከሰማ በኋላ «ጋሼ፣ ይሄ በኪሎ ነው እንጂ በፍሬ አይሄድም» አለ። በሚዛኑ ላይ ከተጫነው ብረት መካከል አንዲት ግማሽ ኢንች ጎሚቶ ነበረች። የማድ ቤቱ ቧንቧ የፈነዳው በመስከረም 2 ነው፤ የፈነዳውም በማጠፊያው ላይ ነው። አባወራው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርዶ ከተከመረው ብረት መካከል ሲያስስ ውሎ፣ አረንጓዴ ቀለም የነካት አንዲት ጎሚቶ አግኝቶ ገዛ። የገዛትም በፍሬ ነው።

ሐተታው እዚህ ላይ የሚቆመው ነገሩ ስላለቀ ሳይሆን፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ሁለተኛው መደርደሪያ እስከ አሁን በማንም ስላልተመረመረ ነው። ምርምሩን መቀጠል የሚወድ ወጣት ቢኖር ጓንትና የራሱን ኮከብ ካቻቢቴ ይዞ ይምጣ፤ በሩ ክፍት ነው፣ መቀርቀሪያው ስለወለቀ አይዘጋም።