የሚዘፍነው ካርቶኑ ነው

ወዳጄ ቪትዝ ገዛ። ሊብሬው በስሙ ሳይዞር «ሳውንድ ላስገባ ነው» አለኝ።

«ስንት ዋት?»

«ሺህ!»

«ሺህ ዋትማ ካለህ ሻይ አፍላበት።»

«ካርቶኑ ላይ ተጽፏል እኮ!»

«ሲቪዬ ላይ እኔም አምስት ቋንቋ እናገራለሁ።»

ተናደደ። ሲናደድ ደስ ይለኛል፤ ማሰብ የሚጀምረው ያኔ ነው። ቴፑን ከካርቶኑ አውጥተን አገላበጥነው። ፊቱ ላይ «50 ዋት በ4» ይላል፤ ሲደመር 200 መሆኑ ነው። ጀርባው ላይ የተሰካው ፊውዝ ደግሞ 10 አምፔር። ሞተር ሲነሳ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ግድም ነው። አስር ጊዜ አስራ አራት፣ 140። እንግዲህ 140 ዋት ጎርሶ 200 የሚተፋ ቴፕ ካለ ጉባ ድረስ ሄደን ያን ሁሉ ኮንክሪት ማፍሰስ ለምን አስፈለገን? አንዲት ቪትዝ አቁመን ከጀርባዋ መስመር መዘርጋት ነበር!

ከገባውም ኃይል ቀላል የማይባለው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አብዛኛው ቴፕ በራሱ አቅም ለአንድ ስፒከር በወጉ የሚያደርሰው ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። ጀማሪ ሆይ፣ «ማክስ» የሚለውን ቁጥር ለሻጩ መልስለትና «አር ኤም ኤሱ ስንት ነው?» በለው፤ ያለማቋረጥ የሚያወጣው ኃይል ማለት ነው። «ወንድሜ፣ ይኼ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ከመለሰልህ፣ የጠየቅኸው ቁጥር ነው እንጂ የትውልድ ሐረግ አይደለም። በዚያ ላይ ኦሪጅናሉ ስሙ ውስጥ አንድ ፊደል ጎድሎታል። ቀረጡን በፊደል ከፍሎበት ይሆን?

«እሺ፣ ዋቱን እጥፍ ባደርገውስ? ድምፁ እጥፍ ይሆናል» አለ ወዳጄ።

አይሆንም። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «አሁን እጥፍ ሆነ» የሚለው ዋቱ አስር እጥፍ ሲያድግ ነው። ኪስ ግን ከጆሮ ይልቅ ንቁ ነው፤ የመጀመሪያዋን እጥፍ ወዲያው ይሰማታል።

«የመኪናዋን ሲሶ ፈጀብኝ» ብሎ ሲያማርርም አጽናንቼዋለሁ። ብላውፑንክት እ.ኤ.አ. በ1932 ለአውሮፓ ገበያ ያወጣው የመኪና ሬዲዮ ዋጋውም የአንዲት ትንሽ መኪና ሲሶ ያህል ነበር። ዘጠና ዓመት ሙሉ ሰው አልተማረም፤ አንተ ለምን ትቸኩላለህ?

የቪትዟ ነባር ሬዲዮ ለብቻው ጉድ ነው። መኪናዋ ከጃፓን መጥታ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል፤ ሬዲዮው ግን ልቡ እዚያው ቶኪዮ ነው። የድሮ የጃፓን ሬዲዮ ኤፍ ኤም የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። ፋና 98.1፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ሸገር 102.1። ሁሉም ከአጥሩ ውጭ! «ሬዲዮው ተበላሽቷል» ብለው የሚያስነቅሉት አሉ። ምንም አልሆነም፤ አዲስ አበባ መድረሱን የነገረው ስለሌለ ነው። ከአንቴናው ጋር የምትገጠም ትንሽ ባንድ ማውረጃ አለች። 20 ሜጋኸርዝ የምታወርድ ከሆነች ሸገር 82.1 ላይ ቁጭ ይላል። ለጀማሪ ከዚህ የረከሰ ማሻሻያ የለም፤ እንደ ቤዝ ስለማይታይ ግን ማንም አያስገባውም።

ቤዝ ማለት ያው ባለ12 ኢንቹ ነው፣ ከነሳጥኑ። «ከኋላ ልጭነው» አለ።

«ጤፉን ከወፍጮ ቤት በምን ልታመጣው ነው?»

«በታክሲ።»

መኪና ያለው ሰው ጤፍ በታክሲ ሲያመጣ ማየት ነው የቀረኝ።

«ቤዝ ካልደለቀ ምኑን ሙዚቃ ሆነ?» ይላል ደግሞ። የሚደልቀው እኮ ታርጋው ነው! ወፍራሙ ድምፅ ቆርቆሮውን አልፎ ይወጣል፤ ዘፋኙ ግን መስኮቱ ተዘግቶበት ውስጥ ይቀራል። ሰፈሩ የሚሰማው «ድው ድው» ብቻ ነው። የማን ዘፈን እንደሆነ እንኳን ሳናውቅ ማንን እንርገም?

ጀማሪ የኋላውን ስፒከር መቀየር ይወዳል፤ ስድስት በዘጠኙ ከመስታወቱ ስር ሲታይ ያምራላ። ኮንሰርት ከፍለህ ገብተህ ለመድረኩ ጀርባህን ሰጥተህ ትቀመጣለህ? ከፊት በሮች ጀምር። የበሩን ሽፋን ሲያወልቁት ደግሞ ቆመህ እይ፤ ከውስጥ ያለው ብረት ቀዳዳው ብዛቱ! ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ወደ ኋላ ይስባል። የፊቱና የኋላው ድምፅ በቀዳዳው ተገናኝተው ይጠፋፋሉ፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ቀዳዳውን በቡታይል ልባስ መድፈን ብዙ ጊዜ አዲስ ቤዝ ከመግዛት ይሻላል። ለጣራ ፍሳሽ የተረፈውን ሬንጅ ግን ለጣራው ተውለት። በፀሐይ ይቀልጥና ሱሪህ ላይ ይፈርምልሃል።

ወዳጄ አልሰማኝም፤ የበሮቹን ስፒከር ቆሞ ሳያይ አስገጠመ። ማግስቱን ደወለ። «ስፒከሩ አዲስ ነው፣ ቤዙ ግን ጠፋ። ሌላ ቤዝ ልገዛ ሶማሌ ተራ እየወረድኩ ነው።»

«ተመለስ! ድምፁን ወደ አንድ ጎን ብቻ ውሰደው።»

ትንሽ ዝም ካለ በኋላ፣ «ቤዙ መጣ!» አለ።

የአንዱ በር ፕላስና ማይነስ ተገላብጦ ነበር። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ሁለቱም እየለፉ ውጤቱ ዜሮ። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ስለማውቅ አልገረመኝም። መድኃኒቱ ሁለት ሽቦ ማቀያየር ነው፤ በነፃ።

ገጣሚው ባለሙያ አምፑን፣ ማለትም ድምፅ ማጉያውን፣ ሲያስገባ «ፊውዝ አያስፈልገውም» ብሎት ነበር። እዚህ ላይ ቀልዱን ቆም እናድርግ። ከባትሪ ተነስቶ ወደ አምፕ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ፊውዝ ይፈልጋል። ፊውዙ እዚያ የሚቀመጠው ገመዱን ሊጠብቅ ነው፤ የአምፑ የራሱ ፊውዝ ይህን አይሠራም። ገመዱ የሞተሩን ክፍል ብረት ሲያልፍ ጎማ ካልተደረገለት ይፋቃል፤ ከተፋቀ ባትሪው ያለውን ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያፈሳል። ያኔ ፊውዙ ገመዱ ራሱ ይሆናል፣ ቪትዟም ያለ መስከረም ደመራ ትሆናለች። ገመድ ስትገዛም ጫፉን ቆርጠህ እይ። ላስቲኩ ብቻ ወፍሮ ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ፣ የገዛኸው ላስቲክ ነው።

«ነዳጅ ስሰጥ ‹ዚይይ› ይላል» የሚለው ስሞታ ቀጠለ። ሞተሩ በጮኸ ቁጥር አብሮ የሚቀጥን ፉጨት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአምፑ ግራውንድ ነው። ሻጭ ማጣሪያ ሊሸጥልህ ይችላል፤ አንተ ግን በቅድሚያ የብርጭቆ ወረቀት ያዝ። ግራውንዱ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቅና አጭር ገመድ አጥብቀህ እሰርበት። የድምፁን ገመድም ከኃይሉ ገመድ በተቃራኒ ጎን አሳልፈው።

አምፑ ላይ «ጌይን» የምትባል ቁልፍ አለች። ጀማሪ ሁሉ እስከ ጥግ ያዞራታል። እሷ ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፑ ጋር የምታስማማ እንጂ ድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። ከልክ ሲያልፍ ሞገዱ አናቱ ይቆረጣል፣ ስፒከሩም ይግላል። «አዲስ ዕቃ ነው፣ መጀመሪያ ይሸታል» የሚሉህን አትስማ፤ የሚሸተው ገንዘብህ ነው።

ጆሮስ? የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የቀረህ 15 ደቂቃ ነው። ከመገናኛ ቦሌ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ በ15 ደቂቃ ገና መገናኛ ነህ።

ወዳጄ በመጨረሻ ተነሳብኝ። «ለመሆኑ አንተ መኪና አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ በሰው መኪና ድምፅ ምን አገባህ?»

«የመኝታ ቤቴ መስኮት በመንገዱ በኩል ነው።»