ያልተበደረ ሰው አይታመንም

ወይ አሜሪካ! ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ስናድግ «እገሌ ዕዳ የለበትም» ከተባለ ሰውዬው ተመሰገነ ማለት ነበር፤ ልጅ ይዳርለታል፣ ለዋስም ይጠራል፣ የዕድር ዳኛም ይሆናል። እዚህ ግን ዕዳ የማያውቅ ሰው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ነው።

ዋሽንግተን ከገባሁ ጀምሮ የማንንም ብር አልተበደርኩም። ታክሲዬን የገዛሁት በዕቁብ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሬ። ኪራይ አሳድሬ አላውቅም። የዕቁባችን ዳኛ ሆኜ ስንት ሺህ ዶላር በእጄ ሲያልፍ አንዲት ሳንቲም ጎደለች ያለ የለም። በስተርጅና ልጆቼ «አባዬ፣ ያለ ክሬዲት ካርድ መኪና መከራየት እንኳ መከራ ነው» እያሉ ሲወተውቱኝ አመለከትኩ። ሻይዬን አማስዬ ሳልጨርስ መልሱ መጣ፤ አይሆንም። ምክንያቱን እንዲጽፉ ሕግ ያስገድዳቸዋልና ደብዳቤም ላኩልኝ፦ «በቂ የብድር ታሪክ የለዎትም»። ታሪክ የለዎትም! እኔን!

የልጅ ልጄ አስቀምጦ አስረዳኝ። ኤኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት መዝጋቢዎች ማን ተበድሮ እንዴት እንደከፈለ ይጽፋሉ። ከዚያ መዝገብ ፋይኮ የሚሉት ስኮር ይወጣል፤ ከ300 እስከ 850። 35 በመቶው በጊዜው መክፈል ነው፤ 30 በመቶው አሁን ያለብህ ዕዳ፤ 15 በመቶው ብድርህ የቆየበት ዕድሜ፤ የቀረው 20 በመቶ በቅርቡ ምን ያህል እንደጠየቅህና ብድርህ ስንት ዓይነት እንደሆነ። ስድስት ወር የሞላው አንድ ሂሳብ እንኳ ከሌለህ ስኮር አይወጣልህም። የመጨረሻው ሰነፍ 300 ያገኛል፤ ለእኔ እሱም አልደረሰኝም።

ባንኩ በስኮሩ ላይ ገቢህንና ወጪህን አይቶ የካርዱን ሊሚት ይቆርጣል። የመክፈል አቅምን ሳያይ እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግ ያዘዋል። እሺ፣ ይሄስ ደግ ነው።

«ዕቁቡስ?» አልኩት። አይጻፍም። ኪራዩስ? አከራዩ ካላስመዘገበው አይጻፍም። ታክሲውስ? በጥሬ ገንዘብ ስለገዛሁት አይጻፍም። በብድር ገዝቼው ቢሆን ይሄኔ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ! ሽበቴስ? ሽበት በአመልካች ላይ እንዳይቆጠርበት ሕግ አለ አለኝ። እንዲቆጠርለት የሚያስገድድ ግን የለም።

በመጨረሻ መያዣ ያለው ካርድ ተገኘልኝ። 200 ዶላሬን አስይዛለሁ፤ እነሱም የ200 ዶላር ሊሚት ይሰጡኛል። የገዛ ብሬን ለራሴ! ተጠቅሜበት ሙሉውን ሳልከፍል ቀኑ ካለፈ ደግሞ ወለድ ያስከፍሉኛል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይሄ ነው። ለማያውቁት ሰው በትንሹ ጀምረው ጠባዩን ያያሉ፤ ጥቂት ወራት በደንብ ከከፈለ አንዳንዶቹ ከፍ ያደርጉለታል። እንደ አዲስ ሙሽራ ጠባዬ ሊታይ ነው እንግዲህ! በዚያ ላይ አዋቂ ነን ባዮቹ «ከሊሚቱ 30 በመቶ አትለፍ፤ ስኮርህ ይወርዳል» ይላሉ። 60 ዶላር ማለት ነው። አንድ ከረጢት ጤፍና ትንሽ በርበሬ ከገዛሁ ለወሩ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ነው።

ያው የሚያስረዳኝ የልጅ ልጄ ደግሞ የራሱን ካርድ ሲያወጣ ስንት የሰጡት ይመስላችኋል? 5,000 ዶላር! ደመወዝ ማየት የጀመረው ትናንት ነው፤ ጢሙም ገና አልሞላም። ምስጢሩ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ልጅ ሳለ እናቱ የእሷ ካርድ ላይ ስሙን አስገብታዋለች፤ እሷ በጊዜው በከፈለች ቁጥር በእሱም ፋይል ሲጻፍለት ኖሯል። አንድ ቢል ሳይከፍል የብዙ ዓመት ታሪክ ወረሰ። እሷንስ የሰው ገንዘብ በቀኑ መመለስ ያስተማራት ማን ሆነና? እኔው ነኝ! «ታሪክ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም ማለት ነው?» ብዬ ስነጫነጭ «ይወጣል እንጂ፣ አባባ! እማዬ አንተንም ካርዷ ላይ ታስገባሃለች» ብሎኝ እርፍ።

በእኛ ወግ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል። እዚህ ደግሞ አባት በልጁ ካርድ ሊታወቅ ሆነ። መቼስ ምን ይደረጋል፣ ታስገባኝ ብያለሁ። ግን ስሜ ሲጻፍ የአባቴ ስም እንዳይቀር፤ እሱም የሰው ገንዘብ ሳይነካ የሞተ፣ በእነዚህ ሰዎች መዝገብ ታሪክ የሌለው ሰው ነው።