ማን ለካው?

ቤት የሚያስጨርስ ሰው የማያስተናግደው ባለሙያ የለም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው "መንገድ ላይ ነኝ" ይላል፤ መንገዱ ግን አያልቅም። ቧንቧ ሠራተኛው ሥራውን የሚጀምረው ከእሱ በፊት የሠራውን ሰው በመስደብ ነው። ቀለም ቀቢው ቀለም አነሰኝ ይላል፤ የተረፈውን ባልዲ ግን አይተነው አናውቅም። ከእነዚህ ሁሉ ለየት የሚለው የመጋረጃ ልክ የሚወስደው ባለሙያ ነው። እሱ አያፈርስም፣ አይተክልም፣ አይቀባም። ለክቶ፣ ጽፎ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ የባልና ሚስት ጠብ ገና ሳይጸነስ የሚያስቀር እንደ እሱ ያለ ሽማግሌ በሰፈራችን አላየሁም።

ይህን አባባሌን ሰው ቶሎ አይቀበለውም። "መስኮት መለካት ምን ያቅታል? አራት ማዕዘን ነው፤ ሜትር ያለው ሰው ይለካዋል" ይላል። በኮንዶሚኒየማችን ከጎናችን ያሉት ባልና ሚስትም ያሉት ይህንኑ ነበር። ባል ወንበር ላይ ወጥቶ አነበበ፤ ሚስት ታች ሆና ጻፈች። የለኩበት የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ ሲያረጅ እየተለጠጠ የሚሄድ፣ ለወገብ እንጂ ለግድግዳ ያልታሰበ ነገር። መስኮታቸው ወርዱ 1.20፣ ቁመቱ 1.50 ነው። በመጋረጃ ሠሪዎች ዘንድ መጀመሪያ የሚጻፈው ወርድ፣ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁመት ነው። ጎረቤቶቻችን ቁመቱን አስቀደሙ። በስልክ የተላከው ቁጥር ዜብራ መጋረጃ ሆኖ ሲመጣ ግራና ቀኝ ያለውን ግድግዳ አለበሰና ከመስኮቱ ግርጌ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁቱን ተወው። ሠሪው "የላካችሁልኝ ይኸው" ብሎ መልእክቱን አሳያቸው። በልክ የተቆረጠ ዕቃ ደግሞ እንደ ጫማ "አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ስጠኝ" ተብሎ አይቀየርም።

በብሎኬት ግድግዳ ወዲህ ማዶ መኖር ማለት የሰውን ነገር ሳይፈልጉ መስማት ማለት ነውና፣ ያን ማታ ሰማን፦

— ማን ለካው?

— ማን ጻፈው?

— አንቺ ነሽ የጻፍሽው!

— ያነበብከውን ነው የጻፍኩት። "አንድ ሃምሳ" ብለህ ዝም አልክ እንጂ ወርድ ነው ቁመት ነው አላልክም።

— መስኮቱን አታዪውም ታዲያ?

— አንተስ ተሰቅለህበት የለም እንዴ?

ከዚያ በኋላ ነገሩ መስኮቱን ትቶ ወደ ሠርጋቸው ተመለሰ፤ በሠርጉ ላይ የማን አጎት ምን እንዳለ ሁላችንም አወቅን። ባለቤቴ ጆሮዋን ከግድግዳው ላይ ሳታነሳ "ነገ ባለሙያ እጠራለሁ" አለች።

መጋረጃ ቤቱ "ልክ የምንወስደው በነፃ ነው" ብሏታል። አብራን የምትኖረው አማቴ ይህን ስትሰማ "በነፃ የሚመጣ ሰው ምሳ ይፈልጋል" ብላ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

የመጣው ልጅ ወጣት ነው። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል፤ የብረት ሜትሩ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል። ሲገባ መስኮቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። በመዳፉ ልስኑን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና "ጋሼ፣ ለሳኙ ይችን ግድግዳ የሠራት ከምሳ በኋላ ነው አይደል?" አለኝ። እውነትም ነበር፤ ያን ቀን ለሳኛችን ልደት ላይ ውሎ ነው የመጣው።

ከዚያ መለካት ጀመረ። እኛ አንድ መስኮት አንድ ወርድ ያለው ይመስለን ነበር። እሱ ከላይ ለካ፤ 151.8። መሀል ላይ ለካ፤ 150.9። ከታች ለካ፤ 149.6። ከላይ ወደ ታች ስንወርድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከነትርፉ የት እንደገባ ሳናውቅ ጠፋ። ልጁ ምንም ሳይገርመው "1496" ብሎ በሚሊ ጻፈ።

አማቴ ማማሰያዋን እንደያዘች መጣች።

— ልጄ፣ ትልቁን ትተህ ትንሹን የምትጽፈው ለምንድን ነው? ገንዘብ እየከፈልን?

— እማማ፣ መጋረጃው መስኮቱ ውስጥ ነው የሚገባው። በትልቁ ከተሠራ ታች ሲደርስ ይያዛል። እንዲያውም ሲሠራ ከዚችም ላይ ጥቂት ሚሊ ይቀነሳል፤ እንደልቡ እንዲወጣና እንዲወርድ።

— ገፋ ብታደርገው ይገባል።

— አይገባም፣ እማማ።

— እኔ ስንቱን ገፍቼ አስገብቻለሁ!

ባለቤቴ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞር አለች፤ አስተያየቷን አልወደድኩትም።

ልጁ ቀጠለ። ከላይ ግራ ጥግ ወደ ታች ቀኝ ጥግ፣ ከዚያ ከላይ ቀኝ ወደ ታች ግራ እያማታ ለካ። መስኮቱ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ ሁለቱ እኩል ይመጣሉ፤ እኩል ካልሆኑ ግን ጠሟል ማለት ነው። የእኛው አልተስማሙም። "መስኮታችሁ ወደ ትራፔዝየም ይሄዳል" አለን በትሕትና። የባንክ ዕዳ ተሸክመን የምንኖርበት ነገር ትራፔዝየም መሆኑን የሰማነው ያኔ ነው። ሰው መጋረጃ የሚሰቅለው ገመናውን ለመሸፈን ነው፤ መጋረጃ ለኪ ግን መጀመሪያ የቤቱን ገመና አውጥቶ ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል።

ለማጽናናት ያህል የሜትርን ታሪክ አነሳሁላቸው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1791 ሜትር ማለት ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለ10 ሚሊዮን ተካፍሎ የሚደርሰው ነው ብለው ወሰኑ። በማግስቱ ዓመት ደላምብርና መሼን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከዱንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን መሬት ሊለኩ ወጡ፤ አንዱ ሰሜኑን፣ አንዱ ደቡቡን ያዘ። አብዮትም ጦርነትም መሀል ገብቶ ሥራው እስከ 1798 ፈጀ። እንዲያም ሆኖ የወጣው ሜትር ከታሰበው 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል አጠረ። ዋናው ጥፋት ደግሞ የምድር ነበር፤ ቅርጿ እነሱ ለሂሳባቸው እንደወሰዱት ሆኖ አልተገኘም። ምድር ራሷ ካልተስተካከለች የእኛ ለሳኝ ልደት ውሎ መጥቶ 22 ሚሊ ቢስት ይፈረድበታል?

ልጁ ሜትሩን እየጠቀለለ "ሁለት ሰው ነው የለካው?" ሲል ጠየቀኝ።

"ሁለት ነው" አልኩት።

"እሱማ ይጣላሉ።"

ነገሩን ከየት አወቀው? መሼን ባርሴሎና ላይ ከወሰዳቸው ልኬቶች ሁለቱ አልገጥም ብለውት ጉዳዩን ከባልደረባው ደብቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1804 እስኪሞት ድረስ ሲብሰለሰል ኖሯል። ፓሪስ ላይ "ማን ለካው?" እንዳይባል የፈራ ሰው ነው።

በዚህ መሀል አማቴ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ትመረምር ኖሯል። "ይኸው! ሜትሩ ራሱ ይወዛወዛል!" አለች። ጫፉ ላይ ያለችው ብረት እውነትም ወዲያና ወዲህ ትላለች። ልጁ ይህን ጥያቄ በየቤቱ የለመደው መሆን አለበት፤ ግድግዳው ድረስ ወስዶ አሳያት። ብረቷ የምትንቀሳቀሰው በራሷ ውፍረት ልክ ብቻ ነው። ከግድግዳ ጋር ስትገፋ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ የዕቃ ጠርዝ ላይ ተሰክታ ስትጎተት ወደ ውጭ ትወጣለች። በሁለቱም በኩል ቁጥሩ ልክ እንዲመጣ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርታለች። ጠቅላላው ዕቃ፣ ሲለቁት ተመልሶ የሚጠቀለለው ማለቴ ነው፣ አልቪን ፌሎውስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1868 ከተመዘገበለት ፈጠራ የወረደ ነው። አማቴ አሜሪካዊውን ሰማችው፣ አላመነችውም። መስኮቱን በስንዝር ለክታ "ከስድስት ይበልጣል፣ ሰባት አይሞላም" አለች። "ድሮ አቡጀዲ ሲገዛ የሚላከው ክንደ ረጅሙ ዘመድ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ክንደ አጭር ልጁን ያስቀምጥልሃል" ብላም አስተማረችን።

ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ጉዳይ ነው፤ መጋረጃው መስኮቱ ውስጥ ይግባ ወይስ ውጭ ግድግዳው ላይ ይሰቀል? ባለቤቴ ለውስጥ ወግናለች፤ ያምራል። ልጁ አንድ ነገር አስጠነቀቃት። ሮለርም ሆነ ዜብራ ውስጥ ሲገባ፣ ጨርቁ ከሚያሽከረክሩት ጫፎች ጠበብ ስለሚል በየጎኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ክፍተት ብርሃን ይገባል። "አሁን የምነግርዎት በኋላ እንዳይቀየሙኝ ነው" አለ።

አማቴ ከወጥ ቤት ሆና "በዚያች ቀዳዳ ነው ዓይን የሚገባው!" ስትል ሰማናት።

ይህ ሐሳብ ከሷ የጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ዐፄ ልብነ ድንግልን ዓይን ለዓይን እስኪያዩ ድረስ ምን ያህል ደጅ እንደ ጠኑና በመጋረጃ ማዶ በመልእክት እንደተመላለሱ፣ አብሯቸው የነበረው ቄስ አልቫሬዝ በሰፊው ጽፎታል። ንጉሡ በጎን በኩል ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖርባቸው ኖሮ ያ ሁሉ ገጽ ባልተጻፈ ነበር። በመጨረሻ ልጁ አስታረቀን፤ የሳሎኑ ውስጥ ይግባ፣ የመኝታ ቤቱ ግን ውጭ ተሰቅሎ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ሳንቲ ሜትር ይለፍ። የመስኮቱን እጀታ ሳይረሳ፣ ጨርቁን እንዳይገፋው ርቀቱን ለካ።

ሊጨርስ ሲል "ትንሽ ልጅ አለ?" ብሎ ጠየቀ። የባለቤቴ እህት ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል አልነው። ድምፁን ቀየረ። የመጋረጃ ሰንሰለት ሕፃን አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጠናከረው የደኅንነት ደረጃ የገመዱ ታች ከወለል ከ1.5 ሜትር እንዳያንስ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ሰንሰለቱን አጭር አድርጎ ጻፈልን፤ ግድግዳው ላይ የሚወጥረው መያዣም ጨመረ። አማቴ እዚህ ላይ አልተከራከረችም።

ምሳው ቀርቦ እጁን ከመታጠቡ በፊት ወረቀቱን ሰጠኝ። የየመስኮቱ ወርድና ቁመት ተጽፏል፤ ከታች "ልክ የወሰደው" የሚል መስመር አለ፤ ስሙንና ፊርማውን አኑሮበታል። "እዚህ ላይ ያለው ቁጥር ከሳተ በእኛ ወጪ እንደገና ይሠራል" አለ። ቁጥሩንስ እኛም እናገኘው ነበር፤ ሜትርም ወንበርም አለን። ያልነበረን ያች መስመር ናት። መጋረጃ ቤቱ በነፃ ይለካል የሚባለው ውሸት ነው፤ የሚሸጥልን ዋናው ዕቃ ይኸው "እኔ ነኝ የለካሁት" የሚል ሰው ነው፤ ዋጋውም ከጨርቁ ጋር በካሬ ተደምሮ ይከፈላል።

እኛ አገር ለኪ ሲፈራ እንጂ ሲፈርም አልኖረም። በምኒልክ ዘመን መሬት ቀላድ በሚባል ገመድ ሲለካ ባለገመዱ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ ይመድባል፤ አንድ ጋሻ፣ ማለትም ወደ 40 ሄክታር፣ የሚከፍለው ግብርም በዚያ ይለያያል። ጠፉ መሬት ለም ተብሎ ቢጻፍ ዕዳው የገበሬው ነው። "ማን ለካው?" ብሎ የሚጠይቅ አፍ አልነበረም፤ ቢኖርም መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጌታው ናቸው።

መጋረጃዎቹ መጡ፤ ሚሊ አልሳቱም። እንደ ቱንቢ ቀጥ ብለው ወረዱና የግድግዳችንን ጥመት ለአላፊ አግዳሚው ማሳየት ጀመሩ። እንግዳ መጥቶ "መጋረጃው ጠሟል" ሲል አማቴ ቆጣ ብላ "መጋረጃውማ ልክ ነው፤ ተፈርሞበታል። የጠመመው ቤቱ ነው" ትላለች። ጎረቤታችን የልጁን ስልክ "እሷ እንዳትሰማ" ብሎ ከእኔ ወሰደ፤ ሚስቱ ከእሱ ቀድማ "እሱ እንዳይሰማ" ብላ ከባለቤቴ ወስዳ ኖሯል።

ልክ በወሰደ ዕለት ልጁ ሊሰናበተን ሲል አማቴ እጁን ይዛ ወደ በረንዳ ወሰደችው። ከወንድሟ ጋር በአገር ቤት በአንድ የድንበር መሬት ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ቄስ ገብቶ አልሆነም።

— መጥተህ ትለካልናለህ፤ መሳፈሪያህን እችላለሁ።

— እማማ፣ እኔ እኮ መስኮት ነው የምለካው።

— መሬትም ያው ወርድና ቁመት ነው። ደግሞ ትፈርማለህ።

ልጁ ፈገግ አለ። አማቴ ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

— ልማድህ ትንሹን መያዝ አይደል? እንግዲያው በወንድሜ በኩል ትንሹን ያዝ።