ውዳሴ ቾይስ

ሥነ ጽሑፍ ለመማር መጽሐፍ ያስፈልጋል የሚለውን ኋላ ቀር እምነት አገራችን የጣለችው ያለ አንዳች ግርግር ነው። ዐዋጅ አልታወጀም፤ ነጋሪት አልተጎሰመም። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪያችን አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር ሳይገልጥ፣ አንዲት ግጥም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳያነብ፣ ስለ ጭብጥና ስለ ዘይቤ ሲጠየቅ «ቢ» ብሎ ይመልሳል፤ ልክም ይሆናል። የቋንቋው ባለቤቶች እንኳ እዚህ አልደረሱም። እንግሊዝ አገር በኤ ሌቭል ሥነ ጽሑፍ የመረጠ ምስኪን ቢያንስ አንድ የሼክስፒር ተውኔት ሙሉውን አንብቦ፣ ሲከራከርበት ከርሞ፣ በፈተናው ቀን ባዶ ወረቀት ይሰጠውና ሐሳብህን በማስረጃ አስረዳ ይባላል። ባዶ ወረቀት! የሚጠቆር ክብ እንኳ የለው። በልጅ ላይ እንዲህ ይጨከናል?

የእኛ ዘዴ የቆመው በፓሴጅ ላይ ነው። ከአንድ ታሪክ መሐል ተቆርጦ የወጣ፣ ማን እንደ ጻፈው የማይነገር፣ ከየት እንደ መጣ የማይጠየቅ፣ ከሥሩ ጥያቄ የተደረደረበት ጽሑፍ። ልጅ እናቱን ቀብሮ ሲመለስ ይተርካል እንበል። ተፈታኙ ልጁ ምን ተሰምቶት ይሆን ብሎ እንዲያስብ አይገደድም፤ የሚጠየቀው «መስመር ሰባት ላይ ያለው ‹ኢት› ምንን ያመለክታል?» ተብሎ ነው። ምናልባት መቃብሩን፣ ምናልባትም አካፋውን። ትክክለኛዋን ክብ ካጠቆረ ለቅሶ ደርሷል ማለት ነው።

ጎበዝ የቲውቶሪያል አስተማሪ ደግሞ ይህንንም ያሳጥረዋል። «ፓሴጁን እንዳታነቡ!» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ጨው የሚከለክል ሐኪም እንኳ እንዲህ አይቆጣም። «መጀመሪያ ጥያቄውን እዩ፤ ከዚያ ቃሉን ፓሴጁ ውስጥ ፈልጉ፤ አጠገቡ ያለው መልስ ነው።» ዘይቤም አቋራጭ አለው። ‹ላይክ› ወይም ‹አዝ› ያለበት ሁሉ ሲሚሊ፤ ከሌለበት ሜታፎር፤ ዛፍ ከተናገረ ፐርሶኒፊኬሽን። በዚህ ሕግ «አይ ላይክ ባናና» ያለ ሁሉ ባለቅኔ ነው። ግራ ለገባውም ታስቦለታል፦ ረጅሙን ምርጫ ያዝ፤ ሁሉም ረጅም ከሆኑ «ሲ» በል። የቴሌግራም ቻናሉ በበኩሉ ያለፉትን ዓመታት የኢንትራንስ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በፒዲኤፍ ያድላል። የዘመኑ ተማሪ ደጋግሞ ያነበበው፣ መጨረሻውንም በቃሉ የሚያውቀው ድርሰት ቢኖር ይኸው ነው።

ጥበቡ በአንድ ጀምበር አልተገኘም። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የሚሉት የቴሌቪዥን ተአምር ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ሲገባ፣ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት እየወረደ እንግሊዝኛውን ያንበለብለው ጀመር። የፕላዝማዋ መምህርት ትጠይቃለች። ፈገግ ብላ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች። ክፍሉ ጭጭ። «በጣም ጥሩ! ልክ ናችሁ!» ትልና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ዝም ያለ ተማሪ እንዲህ የተመሰገነበት ዘመን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። ክፍል ውስጥ ያለው የሥጋ መምህር ድርሻ ማብራትና ማጥፋት ሲሆን፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ከተማሪው ጋር አብሮ ይደሰት ነበር። ሳጥኑ ቀስ በቀስ ከየግድግዳው ጠፋ፤ መንፈሱ ግን አለ። ተማሪው ገባው አልገባው፣ ትምህርቱ ይቀጥላል።

የሚያሳዝኑኝ የቀድሞዎቹ ሰዎች ናቸው። ከበደ ሚካኤል የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» ወደ አማርኛ ሲመልሱ ስኪሚንግ የሚባል ነገር መኖሩን የነገራቸው አልነበረም መሰለኝ፤ ሁሉንም አንብበውታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ብሰው «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን አንብበው፣ ተርጉመው፣ ሕዝብ ቲያትር ቤት ገብቶ እንዲያይ አደረጉ። ዳኛቸው ወርቁ ጭራሽ ፈረንጅ የጻፈው አልበቃ ብሏቸው ራሳቸው በእንግሊዝኛ ልቦለድ ጻፉ፤ ሃይነማን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመው። በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ፊታውራሪ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ዝቋላ አቦ ሲጓዙ የሚያሳየው ይህ «ዐሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የተባለ መጽሐፍ ለተማሪዎቻችን ፍጹም አደጋ የለውም። ዝቋላን ከክፍሉ መስኮት የሚያይ የቢሾፍቱ ልጅ እንኳ ስሙን ሳይሰማ በሰላም 12ኛን ይጨርሳል።

ከሁሉ የባሱት ግን የቅኔ ቤቶቹ ናቸው። ጎጃም ውስጥ አንድ የቆሎ ተማሪ ለምኖ ባገኘው ቁራሽ እያደረ፣ ማንም አፉን ባልፈታበት በግእዝ፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ራሱ እየፈጠረ እንዲቀኝ ይገደዳል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ለየኔታ ይነግራል። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ ቤቱ ካልመታ፣ የኔታ ይመልሱታል፤ እንደገና ይቆጥራል። ፓሴጅ የለ፣ ምርጫ የለ፣ አንሰር ሺት የለ። ግጥም ለማወቅ ግጥም መግጠም! ደግሞ በባዕድ ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር አይቻልም ስንል ስንት ዘመን ቆይተን እነሱ እንዲህ ያሳጡናል። የሚመለከተው ክፍል አጥንቶ ቢያንስ አራት አራት ምርጫ ቢልክላቸው መልካም ነበር።

ሐሜተኞች ውጤት ያነሣሉ። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩና። ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንድ ሙሉ ገጽ አንብቦ መረዳት ያልለመደ ልጅ በሁሉም ይወድቃል ይላሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ዘዴው እንከን አልነበረበትም፤ ጥፋተኛው ተፈታኙን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ወስዶ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ከመልስ አቀባዮቹ የለየው ሰው ነው።

ስለዚህ የሚቀረን ዘዴውን መንካት ሳይሆን ድርሰቶቹን ማረም ነው። ለሙከራ ከ«ሐምሌት» እንጀምር። ያ የዴንማርክ ልዑል «መሆን ወይስ አለመሆን» እያለ ብቻውን ቆሞ የሚብሰለሰለው፣ መጨረሻው ገቢር ላይም መድረኩ በሬሳ የሚሞላው፣ መጀመሪያውኑ የቀረበለት ምርጫ ሁለት ብቻ ስለነበረ ነው። ሼክስፒር ከእኛ ፈተና አውጪዎች አንዱን አማክሮ ቢሆን «ሲ. ሁለቱም» እና «ዲ. መልሱ አልተሰጠም» ይጨመሩለት ነበር። ልዑሉም «ሲ»ን አጥቁሮ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ይደርስ ነበር።