የአንድ ቀን የእግር ጉዞ በአዲስ አበባ ዙሪያ፦ የተራራው፣ የእንግዳውና የአክስት ጠባይ

የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ማለት ጠዋት ከቤት ተነሥቶ፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ፣ ማታ እዚያው ቤት መግባት ነው። አዲስ አበባ ለዚህ የተመቸች ናት። ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በምሥራቅ የረር፣ ራቅ ብሎ በደቡብ ዝቋላ አሉላት። ተራራ የጠፋበት ሰው ቀና ብሎ ቢያይ ይበቃዋል። ስለዚህ ጥናት የሚያስፈልገው ተራራው ሳይሆን፣ ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ እንግዳ ከአክስቱ ቤት የሚወጣበት መንገድ ነው።

የደጋ ሰው በእግሩ ሲሄድ የኖረ ነው፤ ያለ ጉዳይ ግን አልሄደም። ገበያ፣ ለቅሶ፣ እንጨት ለቀማ ጉዳይ ናቸው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ለአቦ ንግሥ ዝቋላን የሚወጣውን ምእመን ማንም ለምን አይለውም። ማለዳ እንጦጦ ላይ የሚሮጠው አትሌትም ሜዳሊያ ያመጣ ይሆናል ተብሎ ይታለፋል። «እንዲያው ለመሄድ» የሚሄድ ሰው ግን ከየትኛውም መደብ አይገባም። አክስት ይህን ሲሰሙ ሦስት መላምቶች ያቀርባሉ፦ ልጁ ገንዘብ አጥሮታል፤ ልጁን አሞታል፤ ልጁ ስለት አለበት። ከሦስቱ የማያስለቅሰው የመጨረሻው ብቻ ስለሆነ፣ ልምድ ያለው እንግዳ «እንጦጦ ማርያምን ተሳልሜ ልምጣ» ብሎ ይወጣል።

ታሪክም ከአክስት ጎን ነው። በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ እንጦጦ ላይ ነበሩ፤ ብርዱን ትተው ወደ ፍልውሃ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ጉዞ ቁልቁል ነው። ሽቅብ የሚሄድ ሰው መጠርጠሩ አይደንቅም።

መረጃ የሚሰበሰበው ከዘመድ ነው። የአክስት ልጅ የአንድን ቦታ ጥራት የሚለካው መኪና እስከ ውስጥ ድረስ በመግባቱ ነው፤ የእግር መንገድ ሲጠየቅም አስፋልቱን ይመክራል። በዚህ መለኪያ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አንደኛ ይወጣል፤ መኪና ማቆሚያም ቡናም አለው። የመናገሻ ሱባ ደን ግን ዕድሜ ጠገብ ጽድ፣ ዝግባና ጉሬዛ ይዞ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። «ምን አለው?» ሲባል «ዛፍ» ከሚለው በቀር አጥጋቢ መልስ አልተገኘለትም።

የመነሻ ሰዓት በእቅድ 12 ሰዓት፣ በተግባር 4 ሰዓት ነው። በመካከል ያለው ጊዜ ለገንፎ፣ ለሦስቱ ቡና እና ለስንቅ ይውላል። ለግማሽ ቀን የሚሰነቀው ዶሮ ወጥ፣ ዳቦና ቆሎ ለአንድ ሳምንት ይበቃል፤ ተሸካሚው እንግዳው ራሱ ነው። አብሮት እንዲሄድ የሚታዘዘው የአክስት ልጅ የእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ስልክ ይደወልለታል፤ ከዚያ በኋላ አይታይም።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ዳገት ለተመልካች የተመቸ ነው። እንግዳው ሁለት ዱላ ይዞ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማና ኮፍያ አድርጎ፣ በየሃያ እርምጃው ቆሞ መልክዓ ምድሩን የሚያደንቅ ይመስላል። የሚያደርገው መተንፈስ ነው። ከእሱ ቁመት የሚረዝም የባሕር ዛፍ እንጨት የተሸከመች እናት ከላይ በላስቲክ ጫማ ትመጣለች፤ ቆም ብላ ታየውና «አይዞህ ልጄ፣ ታክሲ አጣህ?» ትለዋለች። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን የተዘጋጀ መልስ የለም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በክረምት ጭቃው ከዳገቱ ይብሳል። ከቆላ አገር ለመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከእንጦጦ አናት ዝቅ ባለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ማሳለፍ ይሻላል፤ ከፍታው ላልለመደ ሳንባ አይራራም።

በአንድ ነገር ግን የአክስት ስጋት ትክክል ነው። ከከተማው ርቆ ወደ ዝቋላም ሆነ ወደ ወጨጫ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ከአካባቢው ሰው ይጠይቅ፤ ብቻውን አይግባ፤ የሚመለስበትን ሰዓትም ለቤት ተናግሮ ይሂድ።