ስለ አሰላ ብርድና ስለ ሰርግ ድምፃዊ እጅ፦ የመነሻ ጥናት

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ 4,000 ሜትር በሚደርሰው የጭላሎ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ይህን የምንጠቅሰው ለጂኦግራፊ ካለን ፍቅር አይደለም። የሰርግ ድምፃዊ መድረክ ላይ ለምን እንደተንቀጠቀጠ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሙሉ በሙሉ በዚህ ከፍታ ላይ የቆመ በመሆኑ ነው። «ኧረ ብርዱ ነው!» ይላል። በአካባቢው እስካሁን የፈራ ድምፃዊ አልተገኘም።

ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። ማይክ የያዘ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል፣ ሁለተኛው ስንኝ ስለጠፋ የመጀመሪያው ሁለቴ ይዘፈናል። ሐኪሞች አድሬናሊን በሚባል ሆርሞን ያሳብባሉ፤ ሰውነት የሙሽራዋን አክስት ከጅብ መለየት አቅቶት ለሽሽት ይዘጋጃል። ኃይሌ ገብረሥላሴንና ደራርቱ ቱሉን ባፈራ ምድር፣ ይህን ያህል የሩጫ ዝግጅት ዳስ ውስጥ ቆሞ መባከኑ ያሳዝናል።

ታሪካዊ ንጽጽርም አድርገናል። ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ የያዙት ጦር እግሩን ወግቶት ደም ሲፈስ ሁለቱም እንዳላወቁ ትውፊቱ ይናገራል። የእኛ ድምፃዊ የማይክ ገመድ እግሩን ሲነካው ግጥም ይጠፋበታል።

አዝማሪ ነገሩን በሕግ መንገድ ፈትቶታል። «ተቀበል!» የሚለው ታዳሚው ነው፤ ግጥሙም የታዳሚው ነው። ስንኙ ቢሰበር ተጠያቂው ሰጪው እንጂ አቀንቃኙ አይደለም። እንዲያውም አዝማሪ ቤት የሚያልበው ደንበኛው ነው፤ ቀጣዩ ስንኝ በማን ላይ እንደሚወርድ አይታወቅማ። የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ደግሞ አቴቴ ሲያዜሙ ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በአንድነት ነው። አንዷ ብትስት ማን እንደሆነች ለማጣራት ኮሚሽን ማቋቋም ያሻል፤ እጅም ከማይክ ጠንከር ያለ የሚይዘው ነገር ካገኘ አይንቀጠቀጥም።

ብቻውን የቆመው ዘመናዊ ድምፃዊ ግን ዝንጅብልና አረቄ ነው ያለው። ዝንጅብሉ ለጉሮሮ፣ አረቄው ለብርድ ነው ይባላል። መለኪያው ከአንድ ሲያልፍ ፍርሃቱ ከድምፃዊው ወደ ታዳሚው ይሸጋገራል።

ሳይንስም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1977 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ 24 ሙዚቀኞች የልብ ምት የሚያረጋጋውን ኦክስፕሬኖሎል ወስደው ሲጫወቱ ፍርሃታቸው ቀንሶ አጨዋወታቸው መሻሻሉን አሳይቷል። ውጤቱን አንክድም። ይሁንና ክኒኑ ብርድ ስለማይከላከል ለአሰላ አይሆንም፤ በዚህ በኩል ጋቢ የተሻለ ማስረጃ አለው።

የቀረን አንድ ፈተና ነበር። ሰርግ በጥርም በሚያዝያም ይደገሳል። ጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ሰበቡ ይጸናል። ብርዱ በረድ በሚልበት ሚያዝያ ግን እጁ እንደ ጥር ወር ሁሉ መንቀጥቀጡን ቀጠለ። ንድፈ ሐሳባችን ሊወድቅ ሲል ድምፃዊው ራሱ አዳነው፤ «ሞኒተሩ አይሰማኝም» አለ፣ ወደ ድምፅ ባለሙያው እየጠቆመ። ባለሙያውን በዚህ ላይ አስተያየት ጠይቀነው ነበር። ስፒከሩ ሥር ስለቆምን መልሱ አልተሰማንም።