የካርድ ዳኛ

ዓርብ ማታ ልጄን ካርድ ቤት አድርሼ ጨዋታው እስኪያልቅ ጥግ ይዤ ማዛጋት ሲሰለቸኝ፣ ለምን ለተጫዋቾቹ ዳኛ አልሆንላቸውም አልኩ። ጨዋታው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሰው ፈጥሮት በ1993 ለገበያ በቃ። ጨዋታውን የሚያወጣው ኩባንያም እዚሁ ሰፈራችን፣ ዋሽንግተን ግዛት ሬንተን ውስጥ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ «በቤትህ ስንት ያልተፈረደ ጉዳይ እያለ!» ብላ ቡናዋን መቁላት ቀጠለች።

በበላ ልበልሃ ዘመን መንገደኛ እንኳ ተይዞ «ፍረደን» ይባል ነበር። እዚህ ግን ከመፍረድ በፊት ወደ 300 ገጽ የሚጠጋ ሕግ አለ፤ አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥርም ይታደሳል። ገና መግቢያው ላይ አንቀጽ 101.1 ምን ይላል? የካርዱ ጽሑፍ ከዚህ ሕግ ጋር ከተጋጨ፣ የሚረታው ካርዱ ነው። ታዲያ ቀሪውን ገጽ የማነበው ለምንድን ነው? ብዬ ጠየቅኩ። መልስ የሰጠኝ የለም፤ አነበብኩ።

አንዳንዱ አይከብድም። ተጫዋቾች አስማት በአስማት ላይ ሲሰነዝሩ፣ ነገሩ እንደ መሶብ እንጀራ ነው፤ መጨረሻ የመጣው መጀመሪያ ይነሳል። የካርዶችን ጠባይ የሚለዋውጡት ኃይሎች የተደረደሩባቸው ሰባት እርከኖች ግን እንቅልፍ ይነሳሉ።

እኔን የፈተነኝ ግን ሌላ ነው፤ ሽማግሌነቴ። በትልልቅ ውድድሮች ዙሩ 50 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ አምስት ተራ ይጨመራል፤ ካልተለየ አቻ ነው። አቻ ደግሞ አንዳንዴ ሁለቱንም ይጥላል። የእኛ ሰው ቢሆን «ዳይስ ጣሉና ተለያዩ፣ ልጆቼ» ብሎ መርቆ ይሸኛቸው ነበር። ይህ እዚያ ከባድ ጥፋት ነው! ማን ይጀምር በዳይስ ይወሰናል፤ ማን አሸነፈ ግን አይወሰንም። በነጻ መሸነፍ ይፈቀዳል፤ ብር ወይም ካርድ ተቀብሎ መሸነፍ ከውድድሩ ያስባርራል። እርቅ ማውረድ የሚባል ሥራማ ጨርሶ የለም።

ዝምታው ደግሞ ይብሳል። በከባድ ውድድር አንዱ ልጅ የሚጠቅመውን የገዛ ካርዱን ኃይል ረስቶ ሲያልፍ ታያለህ። ተጋጣሚው የማስታወስ ግዴታ የለበትም፤ አንተም ዝም ነው። እጁን አንሥቶ «ጃጅ!» ብሎ ቢጠራህና «ምን ባደርግ ይሻለኛል?» ቢልህ፣ ካርዱ ምን እንደሚሠራ ትነግረዋለህ እንጂ ምን እንዲያደርግ አትመክረውም። ዕድሜውን ሁሉ ሳይጠየቅ ሲመክር ለኖረ ሐበሻ አባት ከዚህ የባሰ ጾም አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ግን ወድጄዋለሁ። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ ተብሎ የማይጠየቅበት ፍርድ ደስ ይላል።

የዕድራችን ሊቀመንበር «ደመወዝ አለው?» አሉኝ። «እንደ ካርድ ቤቱ ነው፤ ካርድ የሚሰጥም አለ» ስላቸው፣ አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

የዳኝነቱን ፈተና ካለፍኩ፣ በዚህ አካባቢ ልጆቻችሁን ለጨዋታ የምታመጡ ወላጆች ፍርዴ ካልጣማችሁ አትቀየሙ። ይግባኝ ለዋናው ዳኛ ይቀርባል፤ ቃሉም የመጨረሻ ነው። በትንሽ ካርድ ቤት ግን ዋናው ዳኛም ያው እኔው ነኝ።